ኮስትኮ ወደ ሰፈራችሁ ሊመጣ ነው ሲባል፦ ከወሬው እስከ ውሳኔው ምን ማድረግ ትችላላችሁ

«ኮስትኮ ሊከፈት ነው አሉ።» ኮስትኮ ማለት በአባልነት ካርድ የሚገባበት ግዙፍ የጅምላ መደብር ነው። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምንኖር ሰዎች ይህን ወሬ በየጊዜው እንሰማዋለን። አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ያወራል፣ ሌላው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። ግማሹ ሰው ደስ ይለዋል፦ ዘይትና ሩዝ በርካሽ፣ ቤንዚን በቅናሽ፣ ለልጆች ሥራ። ግማሹ ይሰጋል፦ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ሱቄ ገበያ ያጣል፣ ሌሊት የጭነት መኪና ይንጎራጎራል። እኔ የባልትናና የእንጀራ ሱቅ አለኝ። ቤቴም ከሱቄ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ስሜት ይገባኛል።

መደብሩ ይምጣ ወይስ ይቅር የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የእኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፉን የሚከፍተው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። አጥሩ ታጥሮ፣ ኮንክሪቱ ፈስሶ ስናይ «እንዴት ሳይነግሩን!» እንላለን። ተናግረው ነበር እኮ። የተናገሩት እኛ በማናይበት ቦታ ነው። ያ ቦታ የት እንደሆነና እዚያ ደርሳችሁ ምን እንደምትሉ ላሳያችሁ።

ወሬውን ማጣራት

ኮስትኮ አዲስ መደብር የሚከፍትበትን ቦታ የሚናገረው መክፈቻው ሁለትና ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ድረ ገጹ ላይ በቅርብ የሚከፈቱ መደብሮች ዝርዝር አለ። ስሙን እዚያ እስክታዩ ከጠበቃችሁ ግን ውሳኔው ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። ኩባንያውን ደውላችሁ ብትጠይቁ «አስተያየት አንሰጥም» ነው የምትባሉት።

እውነቱ የሚገኘው የመሬቱ ባለቤት ለመንግሥት በሚያስገባው ማመልከቻ ውስጥ ነው። ማመልከቻው ላይ የመደብሩ ስም ላይኖር ይችላል። «ትልቅ የችርቻሮ መደብር» ብቻ ተብሎ ይጻፋል፣ ወይም ሰምታችሁት የማታውቁት የሪል እስቴት ድርጅት ስም ብቻ ይሰፍራል። ሥዕሉ ግን ይናገራል። አንድ የኮስትኮ መደብር በአማካይ ወደ 147,000 ካሬ ጫማ ነው፤ ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ያህል። ስለዚህ ፕላኑ ላይ 150,000 ካሬ ጫማ የሚጠጋ አንድ ወጥ ሕንፃ ፈልጉ። ከጎኑ ጎማ የሚቀየርባቸው የመኪና በሮች፣ ከኋላው የጭነት መኪና ማራገፊያ፣ ዙሪያውን ከ700 በላይ የመኪና ማቆሚያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ረጅም ጣሪያ ያለው የነዳጅ ማደያ ካለ፣ ወሬው ባዶ አይደለም።

ቦታው ላይ ሄዳችሁም እዩ። ለግንባታ ማመልከቻ የገባበት ግቢ መንገድ ዳር የማስታወቂያ ሰሌዳ ይተከልበታል። መኪና ውስጥ ሆኖ ማንም አያነበውም። ዳር ያዙና ወርዳችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከሰሌዳው ላይ ከሁሉም በላይ የሚጠቅማችሁ የማመልከቻው ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር ፕላኑን፣ የትራፊክ ጥናቱን፣ የጎረቤቶችን ደብዳቤ፣ የስብሰባውን ቀን፣ ሁሉንም ከካውንቲው የፕላኒንግ ድረ ገጽ ታወጣላችሁ። ቁጥሩን ግሩፓችሁ ላይ ለጥፉት። ከመቶ ወሬ አንድ ቁጥር ይሻላል።

የሚወስነው ማን ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አድራሻችሁ «ሲልቨር ስፕሪንግ» ይላል እንጂ ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት ያለው ከተማ አይደለም። በካውንቲው ሥር ነው። ጌትስበርግ ደግሞ የራሱ አስተዳደር ያለው ከተማ ነው። ነገር ግን ፖስታው ላይ «ጌትስበርግ» የሚል አድራሻ ያለው ብዙ ሰው ከከተማው ክልል ውጭ ነው የሚኖረው። የፖስታ አድራሻና የአስተዳደር ክልል አይገጥሙም። ስለዚህ የምታጣሩት የራሳችሁን ፖስታ ሳይሆን መደብሩ የሚሠራበት መሬት በማን ሥር እንደሆነ ነው።

መሬቱ ሮክቪል ወይም ጌትስበርግ ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ የየከተማው የፕላን ኮሚሽን ጋ ትሄዳላችሁ። በአብዛኛው የቀረው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ክፍል ከሆነ ጉዳዩን የሚያየው ፕላኒንግ ቦርድ የሚባለው ነው። አባላቱ አምስት ናቸው፤ የሚሾማቸው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይሰበሰባሉ። ቢሯቸው ዊተን ነው፣ ሪዲ ድራይቭ ላይ፤ ከሜትሮው በእግር ትደርሳላችሁ። መሀላችን ነው፤ እንግዲህ ሰበብ የለንም።

ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ያላችሁ ደግሞ የመሬቱ ዞኒንግ (መሬቱ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ደንብ) መለወጥ ካለበት ወይም ልዩ ፈቃድ ካስፈለገ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የምትመርጡት ቦርድ ኦፍ ሱፐርቫይዘርስ፣ ማለት የካውንቲው ምክር ቤት ነው። እዚያ የወረዳችሁን ሱፐርቫይዘር ቢሮ በቀጥታ መያዝ ያዋጣል።

ቶሎ መምጣት ለምን ይጠቅማል

አልሚው ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የሰፈሩን ሰው ጠርቶ እንዲያነጋግር በሞንትጎመሪ ካውንቲ ይገደዳል። ይህ ስብሰባ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ላይብረሪ ወይም ዙም ላይ ይሆናል። የጥሪው ደብዳቤ በፖስታ የሚላከው ለአጎራባች የቤት ባለቤቶችና ለተመዘገቡ የሰፈር ማኅበራት ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ላይደርሳችሁ ይችላል። የቤት ባለቤት ከሆናችሁም ማስታወቂያ መስሏችሁ ከቅናሽ ኩፖን ጋር ትጥሉታላችሁ። የሰፈራችሁ ማኅበር የኢሜይል ዝርዝር ውስጥ ግቡ። ነጻ ነው፣ ወይም በዓመት ትንሽ መዋጮ ነው።

እኔ ከሁሉም ስብሰባ ይህን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። መሐንዲሱም ጠበቃውም እዚያው ናቸው፤ ሥዕሉ ገና በእርሳስ ነው። «የጭነት መኪናው መግቢያ ለምን በዚህ በኩል ሆነ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሊያዞሩት ይችላሉ። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ጥያቄ ብታነሱ፣ ያንን በር ማዞር ለእነሱ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ጠበቃ ይከራከራችኋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው።

በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ይህ መሬት አሁን ባለው ዞኒንግ ለዚህ ዓይነት መደብር የተፈቀደ ነው?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ቦርዱ «ሰፈሩ አልወደደውም» ብሎ ሊከለክል አይችልም። ታዲያ የሚቀራችሁ ሥራ ቅርጹ ላይ ነው፦ መግቢያው፣ የእግረኛ መንገዱ፣ ዛፉ፣ መብራቱ፣ የጎርፍ ውሃው፣ ጭነት የሚራገፍበት ሰዓት። ይህን ሳያውቁ አዳራሽ ሙሉ ሰው «አንፈልግም!» ሲል የሚያመሽ ስብሰባ አለ። ቦርዱ በትህትና ይሰማል፣ ከዚያ ያጸድቃል። ያ ሁሉ ጉልበት ስለ በሩና ስለ ሰዓቱ ቢነገር ኖሮ ግማሹ ይገኝ ነበር።

ዊተን ላይ የሆነው

የዊተኑን ኮስትኮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዌስትፊልድ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ድሮ ሄክትስ የሚባል መደብር የነበረበት ቦታ ላይ ነው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ካውንቲው መደብሩ እንዲመጣ 4 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ ሰጥቷል። አንድ ነገር ግን የለውም፤ የነዳጅ ማደያ። ብዙ ሰው «ለምን የለውም?» ይላል። ታሪኩን ማወቅ ይጠቅማል።

ኮስትኮ 16 ቀጂ ያለው፣ በዓመት እስከ 12 ሚሊዮን ጋሎን የሚሸጥ ማደያ አስቦ ነበር። አጠገቡ የኬንሲንግተን ሃይትስ መኖሪያ ሰፈር አለ። ስቲቨን ኖልስ የሚባል፣ ከባድ የአካልና የጤና ችግር ያለባቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤትም አለ። የሰፈሩ ማኅበር ተነሣ። የካውንቲው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በዓመት ከ3.6 ሚሊዮን ጋሎን በላይ የሚሸጡ ማደያዎች ከትምህርት ቤትና ከመሳሰሉት ቢያንስ 300 ጫማ እንዲርቁ ደነገገ። በኋላ ርቀቱ ወደ 500 ጫማ ከፍ አለ። ማደያው ከመደብሩ የተለየ፣ ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልገው ስለነበር ሂሪንጉ (ሁለቱም ወገን የሚሰማበት ችሎት) ለወራት ቆየ። ጎረቤቶቹ ስለ መኪና ጭስ፣ ስለ ማቆሚያው መጨናነቅ፣ ስለ ልጆቹ ሳንባ ማስረጃ አቀረቡ። ኮስትኮም የራሱን ባለሙያዎች አቀረበ። በመጨረሻ የካውንቲው ይግባኝ ቦርድ ፈቃዱን ከለከለ። መደብሩ አለ፤ ማደያው የለም።

በዚያ ውሳኔ የተከፋም የተደሰተም ሰው አውቃለሁ። ቤንዚን ለመቅዳት ሌላ ኮስትኮ ድረስ የሚነዳ ታክሲ ሾፌር ዛሬም ያማርራል፤ እውነት አለው። እኔ ግን ሁልጊዜ የማነሣው ሌላውን ነጥብ ነው። መደብሩና ማደያው ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መደብሩን ፈልጋችሁ ማደያውን መቃወም ትችላላችሁ። ማደያውን ፈልጋችሁ ቦታው ከትምህርት ቤቱ ራቅ እንዲል መጠየቅም ትችላላችሁ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ማደያ አሁንም የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚሰማውም ሮክቪል ባለው የዞኒንግ ችሎት፣ ሂሪንግ ኤግዛሚነር በሚባለው ጉዳዩን በሚመረምር ሹም ፊት ነው። እዚያ ምስክር የሚናገረው ቃለ መሐላ ፈጽሞ ነው፤ የአመልካቹ ጠበቃም ሊጠይቃችሁ ይችላል። አትፍሩ። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ። በዓይኑ ያየውን የሚናገር ሰው አይደናገርም።

ትራፊክ፦ ቅዳሜን ጠይቁ

ከሁሉም በላይ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት። አመልካቹ የትራፊክ ጥናት ያስገባል። ወፍራም ፋይል ነው፤ አብዛኛው ሠንጠረዥ ነው። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ሦስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛ፣ መኪናው የተቆጠረበት ቀንና ሰዓት። እንዲህ ያለ ጥናት ብዙ ጊዜ የሚያየው የሥራ ቀን ጧትና ማታን ነው። ኮስትኮ የሚሞላው ግን ቅዳሜና እሑድ እኩለ ቀን አካባቢ እንደሆነ አንድ ጊዜ የገባ ሁሉ ያውቃል። ቅዳሜ ካልተቆጠረ ይቆጠር በሉ። ይህ ጥያቄ ስሜት አይደለም፤ ባለሙያ የሚቀበለው ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ በነበረበት ሳምንት ተቆጥሮ እንደሆነም እዩ።

ሁለተኛ፣ የትኞቹ መስቀለኛ መንገዶች ተካተቱ። ትልቁ መንገድ ላይ ያለው መብራት ይኖራል። ጂፒኤስ ሰዉን አሳብሮ የሚያሳልፍበት የእናንተ ጠባብ መንገድ ግን ላይኖር ይችላል። ጎግል ወይም ዌዝ ላይ ከሀይዌይ እስከ ግቢው ድረስ አቅጣጫ ጠይቁት። በእናንተ ሰፈር የሚያሳልፍ ከሆነ ስክሪኑን ፎቶ አንሡ። እኔ ካየኋቸው ማስረጃዎች ቦርድ ፊት እንደዚህ ቶሎ የሚገባ የለም።

ሦስተኛ፣ የማደያው ሰልፍ። ስንት መኪና ግቢው ውስጥ ሊሰለፍ ይችላል? ከዚያ ሲያልፍስ ወዴት ይሄዳል? ፕላኑ ላይ የሰልፉ መስመር ተስሎ ይገኛል። መጨረሻው ወደ መንገዱ የሚጠጋ ከሆነ ጠይቁ።

ከዚያ ራሳችሁ መዝግቡ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አሁን ያለው መብራት አጠገብ ቁሙ። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት መኪና ምረጡ፤ ለምሳሌ ቀይ ቶዮታ። መብራቱ አረንጓዴ ስንት ጊዜ ሲበራ ነው ያለፈችው? በአንድ ካለፈች መንገዱ ደህና ነው። ሦስት ጊዜ ከጠበቀች መደብሩ ሳይመጣም ችግር አለ ማለት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ጻፉ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ እነሱ ከእናንተ የተሻለ ይቆጥራሉ። «መንገዱ በጣም ይጨናነቃል» ከሚለው ይልቅ «ቅዳሜ በ7 ሰዓት መኪናዎች ሦስት መብራት ይጠብቃሉ» የሚለው ይመዘገባል።

ሦስት ደቂቃ

ለመናገር ቀድማችሁ ኦንላይን ትመዘገባላችሁ። ፕላኒንግ ቦርድ ፊት ከሆነ ምዝገባው የሚዘጋው ከሂሪንጉ በፊት ባለው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ጽሑፍ ለማስገባትም እንዲሁ አትዘግዩ። ለአንድ ግለሰብ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ሦስት ደቂቃ ነው። ሰዓት የሚያሳየው መብራት ቢጫ ይሆናል፣ ቀይ ይሆናል፣ ያቆሟችኋል።

እኛ ስንናገር ሰላምታችን ረጅም ነው። አክብሮታችን ነው፤ የሚያሳፍርም አይደለም። ግን እዚህ ሰዓቱን ይበላዋል። በቀጥታ ግቡ። እንዲህ ዓይነት ነገር ይበቃል፦

«ስሜ እገሌ ነው። የምኖረው እንዲህ የሚባል መንገድ ላይ ነው፤ ከቦታው ሁለት ብሎክ ይርቃል። የመጣሁት ስለዚህ ቁጥር ማመልከቻ ነው። የልጄ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚቆመው ለጭነት መኪና መግቢያ ከታሰበው በር ፊት ለፊት ነው። ቦርዱ ሁለት ነገር እንዲያዝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጧት ልጆች አውቶቡስ በሚጠብቁበት ሰዓት የጭነት መኪና በዚያ በር እንዳይገባ። ሁለተኛ፣ ከመደብሩ እስከ ሕዝብ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ የእግረኛ መንገድ ከነመብራቱ እንዲሠራ። የቅዳሜ ቆጠራዬንና ፎቶዎቼን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። አመሰግናለሁ።»

አያችሁ? ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትኖሩ፣ ምን እንደምትፈልጉ። «እንዲያዝ እጠይቃለሁ» የምትለዋን አትተዉ። ቦርዱ ሲያጸድቅ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ የእናንተ ዓረፍተ ነገር ወደዚያ ሊገባ የሚችለው እንደ ጥያቄ ከቀረበ ነው።

እንግሊዝኛ ከከበዳችሁ አስተርጓሚ ቀድማችሁ ጠይቁ። በካውንቲው ውስጥ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እናቶች ልጆቻቸው እንዲተረጉሙላቸው ይመጣሉ። ልጁ ያፍርና ያሳጥረዋል። እናት አምስት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ልጅ «ትራፊክ ያሳስባታል» ብሎ ሲቀመጥ ሳይ ያናድደኛል። የእማማ ቃል ሙሉውን መዝገብ ላይ ይግባ።

ከእኛ ሰው ብዙ ከመጣችሁ ደግሞ ተከፋፈሉ። አንዱ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ስለ አውቶቡስ፣ አንዱ ስለ ሱቆቹ ይናገር። አሥር ሰው አንድ ነገር ቢደግም አንድ ነገር ነው የሚመዘገበው።

ሱቅ ያላችሁ፣ የኪራይ ውላችሁን አውጡ

ይህ ክፍል ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ኮስትኮ በአንድ ዕቃ ላይ የሚጨምረው ትርፍ ከ14 እና 15 በመቶ እንዳያልፍ ራሱ የወሰነ ኩባንያ ነው። በዘይት፣ በሩዝ፣ በስኳር፣ በውሃና በዳይፐር አትፎካከሩት። ግን ደግሞ መደብሩ ውስጥ ያለው የዕቃ ዓይነት 4,000 ገደማ ብቻ ነው። ተራ ሱፐርማርኬት ወደ 30,000 ይይዛል። ጠዋት የወጣ ትኩስ እንጀራ፣ በእጅ የተመረጠ በርበሬ፣ ለጾም የሚሆን ሽሮ፣ ለሠርግ በትዕዛዝ የሚሠራ ድፎ ዳቦ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የመደርደሪያችሁን ቦታ ወደዚህ አዙሩት፤ መደብሩ ሳይከፈት አሁን ጀምሩ።

በጅምላ የምትገዙትን ደግሞ ከእሱው ግዙ። የንግድ አባልነት አውጥታችሁ የሜሪላንድ የሽያጭ ታክስ ቁጥራችሁን ካስመዘገባችሁ፣ መልሳችሁ ለምትሸጡት ዕቃ ታክስ አትከፍሉም። ለቅቤ ማንጠሪያ የሚሆነው ጨው የሌለበት ቅቤ ብቻውን ካርዱን ያዋጣዋል።

ቢራና ወይን ሻጮች ትንሽ ተንፍሱ። በሜሪላንድ ሕግ፣ ከጥቂት ነባር ፈቃዶች በስተቀር፣ ሰንሰለት መደብሮች አልኮል አይሸጡም። ቨርጂኒያ ግን ቢራና ወይን ይሸጣሉ።

ትልቁ አደጋ ግን ከመደርደሪያው ይልቅ ከውሉ ነው የሚመጣው። ሰፈሩ ተፈላጊ ሲሆን አከራዩ ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል። ውላችሁን አውጡና እነዚህን ፈልጉ። ዘመኑ መቼ ያበቃል? የማደስ መብት አላችሁ? ካላችሁ የማሳወቂያው ቀን መቼ ነው? ያ ቀን ካለፈ መብቱ የለም። አከራዩ ሕንፃውን አፈርሳለሁ ወይም እናንተን ወደ ሌላ ክፍል አዛውራለሁ ቢል ውሉ ይፈቅድለታል? ማስጠንቀቂያው ስንት ወር ነው? የግቢውን የንብረት ግብርና የጋራ ወጪ በድርሻችሁ የምትከፍሉ ከሆነ፣ ግብሩ ሲጨምር የእናንተም ክፍያ ይጨምራል፤ ጣሪያ አለው ወይ?

አንድ የማውቀው የሱቅ ባለቤት ማደሻ ቀኑን ያወቀው አከራዩ በደብዳቤ «አልፏል» ብሎ ከነገረው በኋላ ነው። ኪራዩ አንድ ሦስተኛ ጨመረበት። ያ ቀን ስልኩ ላይ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስበትም ነበር። ለንግድ ኪራይ ጠበቃ አንድ ሰዓት መክፈል ውድ ይመስላል። ለዓመታት ከሚከፈል ኪራይ ጋር ስታስተያዩት ግን ምንም አይደለም።

ቤት ያላችሁ፣ ሥራ የምትፈልጉ

የቤት ግምት ሜሪላንድ ውስጥ በየሦስት ዓመቱ ይታያል። የሚገምተው የክልሉ የግምት መሥሪያ ቤት ነው። ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ካልተስማማችሁ ይግባኝ የማለት ጊዜያችሁ 45 ቀን ነው። የምትኖሩበት ቤት ከሆነ የሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት ማመልከቻ አንድ ጊዜ ብቻ ትሞላላችሁ። ከዚያ በኋላ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ግብር የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ አይጨምርባችሁም። ይህን ያልሞላ ብዙ ወገን አለ። ኮስትኮ መጣም ቀረም ዛሬ ሙሉት።

ሥራ የሚቀጠረው በድረ ገጹ ነው። አዲስ መደብር ሲከፈት ከሌላ ቅርንጫፍ የሚዛወሩ ነባር ሠራተኞች ስላሉ ሁሉም ቦታ ክፍት አይደለም። ማመልከቻው ሲወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግቡ። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ የመነሻ ክፍያው በሰዓት 20 ዶላር ነው፤ እሑድ የሚሠራ ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። አባልነቱን በተመለከተ፣ ተራው ካርድ በዓመት 65 ዶላር፣ ኤግዚኪዩቲቭ የሚባለው 130 ዶላር ነው። ትልቁ ካርድ ከምትገዙት 2 በመቶ ይመልሳል። ስለዚህ ተጨማሪው 65 ዶላር የሚመለሰው በዓመት 3,250 ዶላር፣ በወር 270 ገደማ የምትገዙ ከሆነ ነው። ለሁለት ሰው ቤት ተራው ይበቃል። ያለ ካርድ ፋርማሲውን መጠቀም እንደምትችሉም እወቁ፤ መድኃኒት የሚገዙ አዛውንት ላሉት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከጸደቀ በኋላ

ቦርዱ ሲወስን የጽሑፍ ውሳኔ ይወጣል። ቅድመ ሁኔታዎቹ በቁጥር ተዘርዝረዋል። አትሙትና አስቀምጡት፤ ለሰፈር ማኅበሩም ስጡ። መደብሩ ከተከፈተ በኋላ የሚጠቅማችሁ እሱ ነው። ጭነት የሚራገፍበት ሰዓት በቅድመ ሁኔታ ተወስኖ ከሆነ ከዚያ ውጭ የመጣ መኪና ጥሰት ነው። ባይወሰንም እንኳ የካውንቲው የድምፅ ሕግ አለ። በሥራ ቀን ከማታው 3 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓል እስከ ጧቱ 3 ሰዓት እንደ ሌሊት ይቆጠራል። በዚያ ሰዓት መኖሪያ ሰፈር የሚደርሰው ድምፅ ከ55 ዲሲቤል ማለፍ የለበትም። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲል የሚያሰማው ጩኸት ከቀሰቀሳችሁ ሰዓቱን መዝግቡ፣ በስልክ ቅረጹ፣ ወደ ካውንቲው የአገልግሎት ስልክ፣ 311 ደውሉ። ስትደውሉ የማመልከቻውን ቁጥርና የቅድመ ሁኔታውን ተራ ቁጥር አብራችሁ ንገሯቸው፤ የአቤቱታችሁን መከታተያ ቁጥር ሳትቀበሉም ስልኩን አትዝጉ።